ከካይሮ እስከ አቡ ሲምቤል በአንድ መርከብ? ስለ ናይል ሽርሽር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን በግብፅ ስላለው የናይል መርከብ ሽርሽር የሚያወራ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነበር። የጸሐፊው ጉጉት ደስ ይላል። እኛ ዘንድ ናይል ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ግድብና ወደ ድርድር ስለሚያመራ፣ ወንዙን እንደ ወንዝ የሚያይ ሰው ብርቅ ነው። ሆኖም ጽሑፉን አምኖ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ደቡብ ግብፅ ያለችው ሉክሶር ሲደርስ ግር የሚለው ብዙ ነገር አለ። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ መርከቡ ከካይሮ እስከ አቡ ሲምቤል፣ በግብፅ ደቡብ ጫፍ እስካለው የጥንት የአለት ቤተ መቅደስ፣ ይወስዳል፤ አምስቱም ቀን ውሃ ላይ ነው፤ ከየትኛውም ጫፍ ቢነሱ ለውጥ የለውም፤ የትኛውም ካቢን ወንዙን ያሳያል፤ አንዴ ከከፈሉ ሌላ ወጪ የለም፤ ለጾመኛ የሚሆን ምግብ አይገኝም፤ ጉዞው የእመቤታችንን የስደት መንገድ ይከተላል፤ በክረምት የሄደ ደግሞ የአባይን ሙላት ያያል። ከስምንቱ አንዱም እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከመጀመሪያው እንነሳ። በናይል ላይ ካሉት የመዝናኛ መርከቦች አብዛኞቹ የሚመላለሱት በሉክሶርና ከእሷ በስተደቡብ ባለችው በአስዋን ከተማ መካከል ብቻ ነው። ይህ የወንዙ ክፍል 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከካይሮ እስከ ሉክሶር ያለውን ተጓዡ የሚጨርሰው በአውሮፕላን በአንድ ሰዓት ወይም በሌሊት ባቡር በአሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከካይሮ የሚነሳ ረጅም ጉዞ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ይፈጃል፣ የሚያካሂዱትም ጥቂቶች ናቸው።

ከአስዋን በላይ ያለው ደግሞ ምርጫ ሳይሆን የግንባታ ጉዳይ ነው። በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ 111 ሜትር ቁመት አለው፤ መርከብ የሚያሻግር መተላለፊያ ግን የለውም። በስተደቡቡ ባለው በናስር ሐይቅ ላይ የሚሄዱት መርከቦች እዚያው ሐይቁ ላይ የቀሩ ሌሎች መርከቦች ናቸው። ሦስት ወይም አራት ሌሊት ወስደው አቡ ሲምቤል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። ከሉክሶር በመርከብ የመጣ ሰው አቡ ሲምቤልን የሚያየው በመኪና ሄዶ ነው። ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ መንገድ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መነሻው ብዙውን ጊዜ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ቁርሱ በካርቶን ታሽጎ በእጅ ይሰጣል። እዚያ የሚቆዩት ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ያንኑ በረሃ ተመልሶ ማቋረጥ ነው። ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጦ ወደ 65 ሜትር ከፍ ብሎ እንደገና የተተከለ የአለት ቤተ መቅደስ ለማየት ድካሙ ይገባዋል እንላለን። ግን የመርከቡ ፕሮግራም አካል አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለብቻው ይከፈልበታል።

የሰዓቱን ነገር ካነሳን አይቀር፦ በእንግዳ መቀበያው አጠገብ ማታ ማታ የነገው ፕሮግራም ይለጠፋል። 05:00 የሚል ካያችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ ሰዓት የለመደ ሰው «አምስት ሰዓት» ብሎ እስኪረፍድ ቢተኛ ቡድኑ ሄዶ ይጠብቀዋል።

«አምስቱም ቀን ውሃ ላይ» የተባለው ቁጥሩን ስታስሉት አይገኝም። አምስት ቀን አራት ሌሊት የሚባለው ጉዞ ከሉክሶር ሲነሳ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ትገባላችሁ፤ ከምሳ በኋላ ካርናክንና የሉክሶርን ቤተ መቅደስ ታያላችሁ፤ መርከቡ ግን ከወደቡ ሳይነቃነቅ እዚያው ያድራል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በምዕራቡ ዳርቻ የፈርዖኖች መቃብር ያለበት የነገሥታት ሸለቆ ይጎበኛል፤ መርከቡ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ኤስና 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኤስና ወደ ኤድፉ 50፣ ከኤድፉ ወደ ኮም ኦምቦ 65፣ ከዚያ ወደ አስዋን 45 ነው። ሽቅብ የሚሄድ መርከብ በሰዓት 12 ወይም 14 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ሁሉም ተደምሮ ከ15 እስከ 18 ሰዓት ነው። ከዚህም ውስጥ ጥቂት የማይባለው የሚያልፈው ተኝታችሁ ነው። አራተኛው ቀን አስዋን ላይ መርከቡ ታስሮ ይውላል፤ በአምስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካቢኑን ልቀቁ ትባላላችሁ።

ስለዚህ መርከቡን የሚንቀሳቀስ ሆቴል አድርጎ ማሰብ ይሻላል። ዋናው ጥቅሙ ሻንጣ አለመፍታትና አለማሰር ነው። ወንዙን ለማየት የሚጓጓ ሰው ግን አንዱን ክፍል እንዳያመልጠው፦ በሦስተኛው ቀን ከኤድፉ ተነስቶ ኮም ኦምቦ እስኪደርስ ያለውን። ይህ ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ በቀን የሚሆን ጉዞ ነው። ግራና ቀኙ የሙዝና የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ ቴምር፣ ውሃ ዳር የሚግጥ ጎሽ፣ ከኋላው ወዲያው ቢጫ በረሃ ነው። መሃል ላይ ገበል ኤል ሲልሲላ የሚባለው የጥንት የድንጋይ ካባ አለ፤ የካርናክና የኤድፉ ድንጋይ የተፈለጠው ከዚያ ነው፤ ወንዙም እዚያ ጋ ጠብቦ በሁለት ገደል መሃል ያልፋል። ያን ሰዓት ካቢን ውስጥ ተኝቶ ያለፈ ሰው የወንዝ ጉዞ ሄድኩ ባይል ይሻላል።

«ከየትኛውም ጫፍ ቢነሱ ያው ነው» የሚለው ነጥብ ጽሑፉ ላይ ባንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል፤ እኛ ግን ከሁሉም በላይ ልንቆይበት የሚገባው እሱ ነው። አንደኛ፣ ርዝመቱ ይለያያል። ከሉክሶር የሚነሳው በአብዛኛው አራት ሌሊት፣ ከአስዋን የሚነሳው ሦስት ሌሊት ነው፤ ናይል ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ከአስዋን የተነሳ መርከብ ቁልቁል ከውሃው ጋር ይሄዳል። (ካርታ ላይ ወደ ላይ መሄድ መውረድ ነው፤ «ላይኛው ግብፅ» የሚባለውም ደቡቡ ነው። የአባይን አመጣጥ ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ አይከብድም።)

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። በዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚበዛው የሰሜን ነፋስ ነው። የጥንት ጀልባዎች ሽቅብ ሲሄዱ ሸራቸውን ዘርግተው በነፋሱ ተገፍተው፣ ሲመለሱ ሸራውን አጥፈው በውሃው ተወስደው ነበር። በጥንቱ የግብፅ ጽሕፈትም ወደ ደቡብ መጓዝ ሸራው በተወጠረ ጀልባ፣ ወደ ሰሜን መጓዝ ሸራ በሌለው ጀልባ ይሣል ነበር። ለዛሬው ተሳፋሪ ይህ የምቾት ጉዳይ ነው። መርከቡ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሲሄድ ነፋሱም በዚያው ፍጥነት ከኋላ ከመጣ፣ ሰገነቱ ላይ አየሩ ቆሞ ይቀራል፤ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ የሞተሩ ጭስም ሳይበተን እዚያው ያንዣብባል። ቁልቁል ሲሄዱ ግን ያው ነፋስ በመርከቡ ፍጥነት ላይ ተደምሮ ፊት ለፊት ይመታል፤ በጥር ምሽት ጋቢ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሙቀት የማይወድ ሰው ከአስዋን ይነሳ፤ ብርድ የማይወድ ከሉክሶር።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ወደ ደቡብ በሚሄድ መርከብ ላይ ፊታችሁን ወደ መሄጃው ስታዞሩ ቀኙ ምዕራብ ነው። የቀኝ ካቢን የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ በመስታወቱ ሲቀበል ይውላል፤ በምላሹ የጀንበር መጥለቂያውን ያገኛል። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ይገለበጣል። ሲመዘግቡ «ቀኝ ነው ግራ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ካቢን ካነሳን፣ «የትኛውም ካቢን ወንዙን ያሳያል» የሚለው እውነት የሚሆነው መርከቡ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ያሰላነውን አስታውሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፉት ታስራችሁ ነው። የሉክሶር፣ የኤድፉና የአስዋን ወደቦች ለሁሉም መርከብ የሚበቃ ዳርቻ ስለሌላቸው መርከቦቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት። የእናንተ መርከብ መሃል ከሆነ መስኮታችሁን ስትከፍቱ የምታዩት የጎረቤት መርከብ መስኮትን ነው፤ ርቀቱ እጅ ዘርግቶ የሚነካ ያህል ነው። መጋረጃ መዝጋት ግድ ይላል። ወደ ወንዙ ዳርቻ ለመውጣት የሌሎቹን መርከቦች የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ አንድ በአንድ እያቋረጣችሁ ነው የምታልፉት። ከውስጥ በኩል ያለው መርከብ ሌሊት የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ያሉት ሁሉ ገመዳቸውን ፈትተው ወጥተው እንደገና ይጠጋሉ፤ ያን ጩኸት ሰምቶ የሚደነግጥ አዲስ ተሳፋሪ አይጠፋም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ከመርከቡ ስትወርዱ የሚሰጣችሁን ካርድ አትርሱ፤ የመርከቡንም ስም በደንብ ያዙ። ስትሄዱ ሁለተኛ የነበረው መርከብ ስትመለሱ አራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ነጭ ናቸው፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ካቢን ስትመርጡ ደግሞ «ወንዝ የሚያይ» ለሚል ጭማሪ ከመክፈላችሁ በፊት ቦታውን ተመልከቱ። ከኋላ በኩል ያለው ካቢን ሞተሩና ጄኔሬተሩ ላይ ነው፤ ወደብ ላይ ሲያድርም ጄኔሬተሩ አይጠፋም። የታችኛው ደረጃ መስኮቱ ለውሃው የቀረበ፣ ዕይታው ዝቅ ያለ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ከሰገነቱ ሥር ስለሆነ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ጣሪያውም ይግላል። መካከለኛው ፎቅ፣ ከመርከቡ ወገብ አካባቢ ያለው ካቢን ሁሌም ያዋጣል።

የኤስናን ነገር ጽሑፉ «መርከቡ በግድቡ በኩል ያልፋል» ብሎ ዘሎታል። ኤስና ላይ እንግሊዞች በ1908 የጨረሱት የቀድሞ ግድብና በኋላ የተሠራው ባለ ኃይል ማመንጫ ግድብ አሉ። ከግድቡ በላይና በታች ያለው ውሃ በበርካታ ሜትር ስለሚበላለጥ መርከቡ የሚሻገረው ባለ ሁለት በር ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ነው። ሽቅብ የሚሄደው መርከብ በታችኛው በር ይገባል፣ በገመድ ይታሰራል፣ በሩ ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ውሃ በቱቦ እንዲገባ ይለቀቃል። ፓምፕ የለውም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ነው የሚገባው። ገንዳው ሲሞላ መርከቡ አብሮ ከፍ ይላል፤ የሁለቱ ወገን ውሃ እኩል ሲሆን የላይኛው በር ይከፈታል። ግራና ቀኝ የሚተርፈው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ እጅ ማውጣት አደገኛ ነው።

መሻገሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጊዜ የሚበላው ወረፋው ነው። ገንዳው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት መርከብ ሲሆን፣ ሁሉም ከሉክሶር የሚነሳው በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ብዙ ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው። ሲዘገይ የሚቀነሰው የኤድፉ ጉብኝት ነው፤ አስጎብኚው «ነገ በጣም ማልደን እንነሳለን» ሲል ምክንያቱ ይህ ነው። ገንዳው ለጥገና የሚዘጋባቸው ቀኖችም አሉ፤ ያኔ ተሳፋሪው በአውቶቡስ ተጓጉዞ ከግድቡ ማዶ ወዳለ ሌላ መርከብ ይዛወራል። ከመመዝገባችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ይዘጋ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ።

በወረፋው ላይ ሳላችሁ ነጋዴዎች በታንኳ ይከቧችኋል። ጀለቢያና የጠረጴዛ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው አራት ፎቅ ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ አወራወራቸው ከመርካቶ ጫኝና አውራጅ አይተናነስም። ክርክሩ በጩኸት ነው። የማትገዙ ከሆነ ዕቃውን ወዲያው መልሳችሁ ወርውሩ፤ ከገዛችሁ ብሩን እዚያው ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ነው የምትመልሱት። ውሃው ላይ እንዳይወድቅ በደንብ አልሙ።

ይህን ወረፋ የማይወድ ሰው ሌላ አማራጭ አለው፤ ጽሑፉ «ያው መርከብ ነው፣ ዋጋው ግን ውድ» ብሎ ያጣጣለው ዳሃቢያ። ዳሃቢያ ሁለት ምሰሶ ያለው ባለ ሸራ ጀልባ ነው፤ ከስድስት እስከ አሥር ካቢን ይኖረዋል። ነፋስ ሲጠፋ በሌላ ትንሽ የሞተር ጀልባ ይጎተታል። ብዙውን ጊዜ ከኤስና በላይ ስለሚነሳ ገንዳውን አይነካውም። ትልቁ መርከብ ሊጠጋባቸው የማይችላቸውን ደሴቶችና ገበል ኤል ሲልሲላን የሚያስረግጠው እሱ ነው። መዋኛ ገንዳና የማታ ጭፈራ የለውም፤ ለልጆች ያሰለቻል። ዋጋው መወደዱ እውነት ነው፤ ያው መሆኑ ግን ሐሰት።

«አንዴ ከከፈሉ ሌላ ወጪ የለም»ን በፍጥነት እንለፈው። ቁርስ፣ ምሳና እራት አለ፤ ውሃን ጨምሮ መጠጥ በአብዛኛው የለም፤ እየፈረማችሁ ጠጥታችሁ በመጨረሻው ማታ ትከፍላላችሁ። የጉብኝት ትኬት አንዳንዱ ውል ውስጥ አለ፣ አንዳንዱ ውስጥ የለም። በነገሥታት ሸለቆ መደበኛው ትኬት ሦስት መቃብር ያስገባል፤ የቱታንካሙንና የቀዳማዊ ሴቲ ለብቻ ናቸው። በብዙዎቹ ዋና ዋና ቦታዎች ትኬቱ የሚሸጠው በባንክ ካርድ ነው፤ ጥሬ ዶላር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው አስጎብኚው እንዲከፍልለት ሊለምን ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ከአገር ቤት ይዞ መነሳት ይበጃል። ለመርከቡ ሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ በመጨረሻው ቀን በፖስታ ይሰበሰባል፤ የአስጎብኚው ደግሞ ሌላ ነው። ለሽንት ቤት፣ ለሻንጣ ተሸካሚና ለጋሪ ነጂ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ካልያዛችሁ ኋላ አይገኝም። ኤድፉ ላይ ከወደቡ እስከ ቤተ መቅደሱ በፈረስ ጋሪ የሚኬድ ሲሆን፣ ዋጋው መሄጃና መመለሻ መሆኑን ሳትስማሙ አትውጡ። ፈረሱ አሳዝኗችሁ ከሆነ ባጃጅ አለ፤ በእግርም ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ቪዛውን አስቀድሞ ከኤምባሲ ማውጣት አለበት፤ አየር ማረፊያ ላይ የሚሰጠው ለሌላ አገር ፓስፖርት ነው፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ዜግነት የሚጓዙ ዘመዶቻችሁ የሚነግሯችሁን ለራሳችሁ አትውሰዱት።

ስለ ጾም የተጻፈው ከሁሉም ያስገረመን ነው። ግብፅ እኮ ኮፕቶች የሚኖሩባት፣ ወሮቿና አብዛኞቹ አጽዋማቷ ከእኛ ጋር የሚገጥሙ አገር ናት! የመርከብ ወጥ ቤት «ሲያሚ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ የጾም ማለት ነው። «አትክልት ብቻ» ካላችሁ ግን አይብና እንቁላል ያለበት ይመጣል፤ እነሱ ዘንድ ያ ሌላ ነገር ነው። «ሲያሚ» በሉ፤ ከዚያ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንዱ ዓሣ ነው፦ ኮፕቶች እንደ ነቢያት ጾም ባሉት አጽዋማት ዓሣ ስለሚበሉ፣ አብሳዩ ዓሣ አምጥቶ ጾም ነው ቢላችሁ አላታለላችሁም። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ለይታችሁ ተናገሩ። ሁለተኛው «ሰምና» የሚባለው ቅቤ ነው፤ በሩዝና በፉል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ «በዘይት» በሉ። ይህን በገባችሁበት ቀን ለምግብ ቤቱ ኃላፊ መንገር ነው እንጂ ሳህን ይዞ ተሰልፎ መጠየቅ ለማንም አይጠቅምም።

የሚገኘው ምግብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፉል በየጠዋቱ አለ። ከተፈጨ ባቄላ የሚጠበሰው ጣእሚያ፣ የምስር ሾርባ፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ የሰሊጥ ጣሂና፣ ሩዝና ምስር ከማካሮኒ ጋር የሚደባለቅበት ኩሸሪ አለ። ሙሉኪያ የሚባለውን አረንጓዴ ወጥ ግን ጠይቃችሁ ብሉ፤ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ነው የሚሠራው። በገና ሰሞን ለመሄድ የምታስቡ አንድ ነገር ያዙ፦ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት የመርከቡ ዋጋ ጣሪያ የሚነካበት ሳምንት ሲሆን ለእኛ ግን ጾሙ አላለቀም። የበዓል እራት የሚባለውን የግዴታ ክፍያ ከፍላችሁ ፉል ትበላላችሁ። ለሙስሊም ተጓዥ ሥጋው አያሳስብም፤ መጠጥ ግን በግልጽ ይሸጣል።

«የእመቤታችንን የስደት መንገድ ይከተላል» የሚለው ምእመናንን የሚያሳስት ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። በኅዳር 6 የምናከብራት ቁስቋም ያለችው አስዩት አውራጃ፣ ቁሲያ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ነው፤ ደይር ኤል ሙሐረቅ ይባላል፤ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በዘመናት ኖረውበታል። ቦታው ከሉክሶር በስተሰሜን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሉክሶር–አስዋን መርከብ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚሄደው። መሳለም የሚፈልግ ሰው ከካይሮ በባቡር ወደ አስዩት ሄዶ ከዚያ በመኪና ይደርሳል፤ ይህን ከመርከቡ በፊት ወይም በኋላ ለብቻው ማቀድ ነው። በመርከቡ መንገድ ላይ የሚገኘው የክርስትና አሻራ ሌላ ነው። አስዋን ላይ የፊላይ ቤተ መቅደስ በ6ኛው መቶ ዘመን በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ በአምዶቹና በበሮቹ ላይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። አስጎብኚዎች የጥንት ግብፃውያን ያመልኳት የነበረችውን የኢሲስን ተረት ሲያወሩ ያልፏቸዋል፤ «መስቀሎቹን አሳየን» በሉት። ከወንዙ ማዶ ባለው በረሃ ላይ ደግሞ የአባ ስምዖን ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ በጀልባ ተሻግሮ በእግር ወይም በግመል ይወጣል፤ የመርከቡ ፕሮግራም ውስጥ ግን አይገባም።

የቀረው የአባይ ሙላት ነው። ጽሑፉ በሐምሌና በነሐሴ ሄዳችሁ የአገራችሁን ቀይ ውሃ ሉክሶር ላይ ተቀበሉት ይላል። ልብ የሚነካ ሐሳብ ነው፤ ግን ሃምሳ ዓመት አልፎበታል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ በአባይ፣ በባሮና በተከዜ የሚሄድ መሆኑ እውነት ነው። ሙላቱም ግብፅ ውስጥ በሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ጣሪያው ይደርስ ነበር። ከፍተኛው ግድብ ከተሠራ ወዲህ ግን ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ከግድቡ በታች የሚወጣው የጠራ፣ አረንጓዴ ቀመስ ውሃ ነው። አዞም ቢሆን ከግድቡ በላይ ሐይቁ ላይ ነው ያለው፤ መርከባችሁ አጠገብ አትጠብቁት። (ለዋና ግን አሁንም አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ።)

የወንዙ ከፍታ የሚወሰነው አስዋን ላይ በሚለቀቀው መጠን ነው፤ የሚለቀቀውም እርሻው በሚፈልገው ልክ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚበዛው ሰብሉ በሚጠማበት በበጋቸው፣ የሚያንሰው በጥር አካባቢ ቦዮቹ በሚዘጉበት ጊዜ ነው። መርከብ አሸዋ ላይ የሚቀመጠው በጥር ነው፤ ቱሪስቱም የሚበዛው በጥር ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን ወደ ኋላ ገልብጦ ይሞክራል፣ ካልሆነ ሌላ መርከብ ይጎትተዋል፤ ሰው አይጎዳም፣ ሰዓት ግን ይሄዳል። በሐምሌ የሚሄድ ሰው ሙላት ሳይሆን ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያገኛል፤ ዋጋው የሚረክሰውም ለዚህ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ወይም ከየካቲት እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል።

ሙላቱን ማየት የሚፈልግ ሰው አሻራውን የሚያገኘው ኮም ኦምቦ ላይ ነው። በቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ደረጃ ያለው ክብ የድንጋይ ጉድጓድ አለ። ካህናቱ በየክረምቱ የወንዙን ከፍታ የሚለኩት በዚያ ነበር፤ የዓመቱ ግብር የሚቆረጠውም በልኩ ነው። ቡድኖች ወደ አዞው ሙዚየም ሲጣደፉ አጠገቡ ያልፋሉ፤ መብራቱ ደካማ ስለሆነ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱና ወደ ታች አብሩ።